የቤት መኪናን በማኮብኮቢያ ላይ ለአንድ ማይል የፍጥነት ሙከራ ማዘጋጀት፦ ዝርዝር መመሪያ

ስለ መሬት ላይ ፍጥነት ሲወራ ብዙ ሰው በዓይነ ሕሊናው የሚያየው በአሜሪካ ዩታ ግዛት ያለውን የቦነቪል የጨው ሜዳ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1949 ጀምሮ የፍጥነት ሳምንት የሚካሄደው እዚያ ነው፤ ለዚሁ ተብለው የተሠሩ ረጃጅምና ሹል መኪናዎች ይነዱበታል። ከዚህ ጎን ግን የቤት መኪና ያለው ሰው ሊሳተፍበት የሚችል ሌላ ዓይነት ሙከራ አለ። ቦታው የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ጦር ኃይል የለቀቀው ወይም በረራ የቀነሰበት አየር ማረፊያ። መኪናው ታርጋውን እንደያዘ ከቤት ተነድቶ ይመጣል፣ ከቆመበት ተነስቶ አንድ ማይል (1,609 ሜትር) በሙሉ ጉልበቱ ይሮጣል፣ መጨረሻው ላይ ያለው ፍጥነት ይመዘገባል። ከጎን ሆኖ የሚሽቀዳደም የለም፤ በአንድ ጊዜ የሚለቀቀው አንድ መኪና ብቻ ነው።

ብዙ ጀማሪ ዝግጅቱን ከሞተር ይጀምርና ፍሬን ላይ ሲደርስ ገንዘቡም ጊዜውም ያልቅበታል። እኔ የምመክረው ከማኮብኮቢያው መጨረሻ ተነስቶ ወደ ኋላ መቁጠርን ነው። መጀመሪያ የመቆሚያው ርቀት፣ ከዚያ ፍሬን፣ ከዚያ ጎማ፣ ከዚያ አየር፤ ሞተር መጨረሻ። ደኅና ይዞታ ላይ ያለ መኪና ሞተሩ ከሌላው ክፍሉ ሁሉ ቀድሞ ዝግጁ ስለሆነ እሱ ይቆያል።

1. የሚለካው ምን እንደሆነ መለየት

የሚለካው ማይሉን በስንት ሰከንድ እንደጨረሳችሁ ሳይሆን ስትጨርሱት ምን ያህል ትፈጥኑ እንደነበር ነው። በማይሉ ማብቂያ ላይ ሁለት የብርሃን ጨረሮች ተራርቀው ይተከላሉ። መኪናው የመጀመሪያውን ሲቆርጥ ሰዓቱ ይነሳል፣ ሁለተኛውን ሲቆርጥ ይቆማል። በመካከላቸው 40 ሜትር ቢኖርና በ0.9 ሰከንድ ብታልፉት ፍጥነታችሁ በሰዓት 160 ኪ.ሜ ነው፤ በ0.6 ሰከንድ ብታልፉት 240 ነው። የሚመዘገበው የዚያች ክፍል አማካይ ስለሆነ ሁለተኛውን ጨረር ሳትሻገሩ እግራችሁን ካነሳችሁ ኪሎ ሜትር እየጣላችሁ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ አነሳስ ብዙም ዋጋ የለውም። ፍጥነት የሚገነባው ሞተሩ በተጓዛችሁት ርቀት ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። የመጀመሪያዎቹን 30 ሜትሮች በእርጋታ ብትሄዱ ከ1,609 ሜትር ያባከናችሁት 30 ብቻ ነው። በድራግ ውድድር (ሁለት መኪናዎች በአጭር ቀጥታ መንገድ የሚሽቀዳደሙበት) ሲነሱ የጠፋ ግማሽ ሰከንድ ውድድሩን ያሳጣል፤ እዚህ ግን ውጤታችሁ ተጽፎ በሚሰጣችሁ ወረቀት ላይ አይታይም ማለት ይቻላል። ጎማ እያጨሱ መነሳት ፍሪሲዮንና ካምቢዮን ከመጉዳት ሌላ ትርፉ ለተመልካች ነው። ሁለተኛ፣ ኋላ ላይ የሚደረግ የማርሽ ቅያሪ ውድ ነው። በሰዓት 200 ኪ.ሜ እየሄዳችሁ ግማሽ ሰከንድ ከፈጀባችሁ 28 ሜትር ያህል ያለ ግፊት ትጓዛላችሁ፣ ያን ጊዜ ሁሉ አየሩ ወደ ኋላ ይጎትታችኋል።

በዳሽቦርዱ ላይ የምታዩትንም አትመኑ። ብዙ አገሮች የሚከተሉት የተባበሩት መንግሥታት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ደንብ ቁጥር 39 የፍጥነት መለኪያ ከእውነተኛው አሳንሶ እንዳያሳይ ይከለክላል፤ አስር በመቶና ተጨማሪ 4 ኪ.ሜ ድረስ አብልጦ ማሳየትን ግን ይፈቅዳል። መርፌው 224 ላይ ሆኖ እውነቱ 200 ቢሆን ደንብ አልተጣሰም። «የኔ መኪና 240 ትሄዳለች» ብሎ የመጣ ሰው ወረቀቱን ሲያይ ፊቱ የሚለዋወጠው በዚህ ነው።

2. ቦታውን መምረጥና ርቀቱን ማስላት

በአሜሪካ ኢስት ኮስት ታይሚንግ አሶሴሽን የተባለው ማኅበር ለዓመታት በሰሜን ካሮላይና ማክስተን፣ ከዚያም በኦሃዮ ዊልሚንግተን እንዲህ ያለ ሙከራ ያካሂድ ነበር። ቴክሳስ ማይል በተባለው ተመሳሳይ ሙከራ ላይ እ.ኤ.አ. በ2019 ከመንገድ መኪና ተነስቶ የተገነባ አንድ ፎርድ ጂቲ በሰዓት 300.4 ማይል፣ ማለትም 483 ኪ.ሜ ገደማ ተለክቷል። በሜይን ግዛት ያለው የቀድሞው የሎሪንግ አየር ኃይል ሰፈር ማኮብኮቢያ 3,688 ሜትር ይረዝማል። በእንግሊዝ ዮርክሻየር የሚገኘው ኤልቪንግተን ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በፍሎሪዳ የጠፈር መንኮራኩሮች ያርፉበት የነበረው ደግሞ 4,572 ሜትር ነው።

ርዝመቱን የምጠቅሰው ሒሳቡ የሚጀምረው ከእሱ ስለሆነ ነው። ማኮብኮቢያው 3,000 ሜትር ነው እንበል። ለመሰለፊያና ለመነሻ 150 ሜትር፣ ለማይሉ 1,609 ሜትር ስትቀንሱ 1,241 ይቀራል። ከዚህ ላይ የመጨረሻዎቹን 250 ሜትሮች እንደሌሉ ቁጠሩ፤ እነሱ ለሌላ ሳይሆን ፍሬኑ ሲከዳ የሚያስፈልጉ ናቸው። ስለዚህ በእጃችሁ ያለው 1,000 ሜትር ያህል ነው።

አሁን ፍጥነታችሁን በሜትር በሰከንድ አስሉ (በሰዓት ኪሎ ሜትሩን ለ3.6 በማካፈል)፣ በራሱ አባዙት፣ ውጤቱን ለ6 አካፍሉ። ይህ በየሰከንዱ 3 ሜትር በሰከንድ ፍጥነት የሚቀንስ፣ መካከለኛ የሆነ፣ መኪናውን የማይረብሽ አቋቋም የሚፈልገው ርቀት ነው። ለ200 ኪ.ሜ 515 ሜትር፣ ለ250 ኪ.ሜ 800 ሜትር፣ ለ300 ኪ.ሜ 1,160 ሜትር ገደማ ይመጣል። በዚያ ማኮብኮቢያ 250 በምቾት ይቆማል፤ 300 ግን በለዘብታ አይቆምም፣ ፍሬኑን አጥብቆ መያዝ ይጠይቃል። ስለዚህ የቀኑ ጣሪያችሁን የሚወስነው የሞተሩ ጉልበት ከመሆኑ በፊት ይህ ቁጥር ነው። ዝናብ ከጣለ አዘጋጆቹ ራሳቸው ያቆማሉ፤ ማኮብኮቢያው እርጥብ እያለ የሚለቅ አዘጋጅ ካያችሁ መኪናችሁን አዙራችሁ ተመለሱ።

ለመመዝገብ ከመክፈላችሁ በፊት የአዘጋጁን ደንብ ሙሉውን አንብቡ። በየትኛው ፍጥነት ላይ የትኛው የደኅንነት ዕቃ እንደሚጠየቅ፣ ጀማሪ በስንት ደረጃ ከፍ እያለ እንደሚሄድ፣ ምን ዓይነት ሄልሜት እንደሚቀበሉ ከቦታ ቦታ ይለያያል። የአንዱን ደንብ ይዞ ወደ ሌላው መሄድ ከበር ያስመልሳል። ለመለማመድ ብሎ ሰው በሚመላለስበት መንገድ ላይ መሞከር ግን የዚህ ስፖርት አካል አይደለም፤ ማኮብኮቢያው የተፈለገው ለዚሁ ነው።

3. ፍሬን

መኪና ስትቆም ያላትን ጉልበት በሙሉ ወደ ሙቀት ለውጣ ትጥላለች፤ ይህ ጉልበት ደግሞ ከፍጥነቱ ጋር እኩል አያድግም። ከ250 ኪ.ሜ መቆም ከ100 ኪ.ሜ ከመቆም ስድስት እጥፍ የሚበልጥ ሙቀት ዲስኮቹ ላይ ይጭናል። ከተማ ውስጥ ምንም ጉድለት ያላሳየ ፍሬን እዚህ ላይ ፔዳሉ እየሰመጠ ሊሄድ የሚችለው ለዚህ ነው።

ትልቁ ጠላት ያረጀ የፍሬን ዘይት ነው። ዘይቱ በጊዜ ብዛት ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ውሃ በጠጣ ቁጥርም ቶሎ ይፈላል። ዶት 4 የሚባለው አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ እንዲቆይ ይጠበቅበታል፤ እርጥበት ከገባበት በኋላ ግን መስፈርቱ 155 ብቻ ነው። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፣ እንፋሎት ደግሞ ይጨመቃል፣ እግራችሁም ባዶ ፔዳል ይረግጣል። ከሙከራው በፊት ባለው ሳምንት ዘይቱን ሙሉ በሙሉ አስቀይሩ፣ በአራቱም ጎማ በኩል ከፍሬን መስመሩ ውስጥ አየሩን አስወጡ። የፍሬን ሸራው ከግማሽ በታች ከሆነ ቀይሩት፤ ቀጭን ሸራ ሙቀቱን ወደ ዘይቱ ቶሎ ያሳልፋል። አዲስ ሸራ ካስገባችሁም በመንገድ ላይ ተለማምዶ ከዲስኩ ጋር ይግጠም እንጂ የመጀመሪያ ሥራው ማኮብኮቢያ ላይ አይሁን። የፍሬኑ የላስቲክ ቱቦዎች ተሰነጣጥቀው እንደሆነ መሪውን ወዲያና ወዲህ አዙራችሁ እዩ።

4. ጎማ

ለዚህ ክፍል ብዙ ቦታ የምሰጠው መኪናውን ከመሬት ጋር የሚያገናኙት አራት መዳፍ የሚያህሉ የጎማ ቁራጮች ብቻ ስለሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2006 የቴሌቪዥን አቅራቢው ሪቻርድ ሃመንድ ኤልቪንግተን ላይ በሰዓት 460 ኪ.ሜ አካባቢ እየሄደ የተገለበጠው የፊት ቀኝ ጎማው ስለፈነዳ ነው። መኪናው በጄት ሞተር የሚነዳ እንጂ የቤት መኪና አልነበረም፤ ምክንያቱ ግን ለማንኛውም መኪና አንድ ነው።

በጎማው ጎን ላይ ከመጠኑ ቀጥሎ የተጻፈው ፊደል የፍጥነት ጣሪያውን ይናገራል። ኤች 210፣ ቪ 240፣ ደብሊው 270፣ ዋይ 300 ኪ.ሜ በሰዓት ነው። ዋይ በቅንፍ ውስጥ ከተጻፈ ከ300 በላይ ማለት ነው። ይህ ቁጥር የተገኘው አዲስ፣ ጤነኛና በልኩ የተነፋ ጎማ ተሞክሮ ነው። ጣሪያው ላይ ሲደርስ የመሸከም አቅሙም ይቀንሳል፤ ቪ ጎማ በ210 የሚሸከመውን ክብደት በ240 ላይ 91 በመቶውን ያህል ብቻ ነው የሚሸከመው። ስለዚህ ካቀዳችሁት ፍጥነት ቢያንስ አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ጎማ ግጠሙ፤ 225 ለመሄድ ያሰበ ሰው ደብሊው ይፈልግ።

ዕድሜውን ደግሞ በጎኑ ላይ ካለው ባለ አራት አኃዝ ቁጥር ታገኙታላችሁ። 2319 ማለት እ.ኤ.አ. በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ላስቲኩ የደረቀ ጎማ፣ ጥርሱ ካለቀ ወጣት ጎማ ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ያለቀው ቢያንስ ሙቀት የሚይዝ ብዙ ላስቲክ የለውም። የተበሳና የተደፈነ ጎማ፣ ጎኑ ያበጠ ጎማ፣ የጠርዝ ድንጋይ የመታው ጎማ ከቸርኬው ይውረድ። ጎሚስታው «ምንም አይልም» ቢላችሁ እሱ የሚያስበው ስለ መንገድ ፍጥነት ነው።

የንፋሱ መጠን ለከፍተኛ ፍጥነት ወይም ለሙሉ ጭነት በአምራቹ የተጻፈው ይሁን፤ ብዙ ጊዜ በበሩ ምሰሶ ወይም በነዳጅ ክዳኑ ላይ ተለጥፎ ይገኛል። የሚለካው ጎማው ሲቀዘቅዝ ነው። አሳንሶ መንፋት ከማብዛት የከፋ ነው። ንፋስ ያነሰው ጎማ መሬት ሲነካ ይጨፈለቃል፣ ቅርጹን ሳይመልስ እንደገና ተሽከርክሮ መሬት ይነካል፤ በጎኑ ላይ ሞገድ እየሮጠ ይሄዳል፣ ሙቀቱም በሰከንዶች ውስጥ ያሻቅባል። እንዲህ የተቀቀለ ጎማ ከውጭ ሲታይ ምንም ሊመስል ይችላል።

ብዙዎች የሚረሱት ቫልቩን ነው። ዙሪያው 2 ሜትር የሆነ ጎማ በ250 ኪ.ሜ በየሰከንዱ ከ34 ጊዜ በላይ ይዞራል። ከመሐሉ 20 ሳንቲ ሜትር ርቃ የተቀመጠች አንድ ግራም የምታህል ነገር በዚያ ዙረት ወደ አንድ ኪሎ የሚጠጋ ጉልበት ወደ ውጭ ይስባታል። የቫልቩ መርፌ ራሱን ሊከፍት፣ የላስቲክ ቫልቭም ሊታጠፍ ይችላል። የብረት ቫልቭና ላስቲክ መዝጊያ ያለው የብረት ክዳን ዋጋቸው ትንሽ ነው፤ ያለ እነሱ አትሂዱ። የባላንስ እርሳሶቹም እንዳይበሩ በደንብ መለጠፋቸውን አረጋግጡና በላያቸው ላይ ጠንካራ ቴፕ አድርጉ። የፕላስቲክ የቸርኬ ክዳን ካለ ቤት ይቅር። የጎማ ብሎኖቹን ልክ በሚያሳይ መፍቻ አጥብቁ፤ አዲስ ቸርኬ ካሰራችሁ ጥቂት ከተነዳ በኋላ ድገሙት።

5. አየርና አካል

እስከ መቶ ኪሎ ሜትር ድረስ አየር ድምፅ ብቻ ይመስላል። ከዚያ በላይ ግን ወጪያችሁን በሙሉ የሚበላው እሱ ነው፤ የአየሩ ግፊት በፍጥነቱ ካሬ፣ እሱን ለመግፋት የሚያስፈልገው ጉልበት ደግሞ በፍጥነቱ ኪዩብ ያድጋል። 1,500 ኪሎ የሚመዝን፣ ደኅና ቅርጽ ያለው መካከለኛ መኪና ውሰዱ። በሰዓት 200 ኪ.ሜ ላይ ለመቆየት ጎማው ላይ ወደ 115 የፈረስ ጉልበት ይፈልጋል። ለ250 ወደ 215፣ ለ300 ወደ 360። ይህ ፍጥነቱን ይዞ ለመቆየት ብቻ ነው፤ ማይሉ ሳያልቅ እዚያ ለመድረስ ከዚህ በላይ ትርፍ ጉልበት ያስፈልጋል። ሁለት እጥፍ ፍጥነት የፈለገ ሰው አየሩን ብቻ ለማሸነፍ ስምንት እጥፍ ጉልበት ይፈልጋል።

ርካሹ ጉልበት ስለዚህ አካሉ ላይ ነው። መስኮቶቹን ሁሉ ዝጉ። የጣሪያ መደርደሪያ ካለ አውርዱ። ከፊት ያሉ ትርፍ ክፍተቶችን ራዲያተሩን ሳታፍኑ በቴፕ ዝጉ። ከሥር ያለው የፕላስቲክ መከለያ ብሎኖቹ ሙሉ መሆናቸውን አንድ በአንድ እዩ፤ አንዱ ጎኑ የተፈታ መከለያ በ200 ኪ.ሜ ላይ አየር ይሞላና ተገንጥሎ ይሄዳል። ኮፈኑ አንዴ ተከፍቶ ያውቅ እንደሆነ ወይም መቆለፊያው ላልቶ እንደሆነ ተጨማሪ መያዣ ግጠሙለት።

ማንሳት የሚባለው ነገር ደግሞ ከመጎተት የበለጠ ያሳስበኛል። ክብ ጀርባ ያለው መኪና በላዩ የሚያልፈው አየር የኋላውን ወደ ላይ ይስበዋል፣ የኋላ ጎማዎቹም መሬት የመያዝ ኃይላቸው ይቀንሳል። ይህ ንድፈ ሐሳብ ብቻ አይደለም፦ የመጀመሪያው አውዲ ቲቲ ገበያ ከወጣ በኋላ በጀርመን አውራ ጎዳናዎች ላይ በከፍተኛ ፍጥነት መስመር ሲቀየር እየተፈናጠረ አደጋዎች ስለደረሱ አውዲ መኪናዎቹን መልሶ ጠርቶ የኋላ ስፖይለር (አየሩ የኋላውን እንዳያነሳ የሚይዝ ክንፍ) እና የኤሌክትሮኒክ መረጋጊያ ገጥሞላቸዋል። ፋብሪካው የሰጣችሁን ስፖይለር «አየር ይጎትታል» ብላችሁ አትንቀሉ። መረጋጊያውንም አታጥፉት፤ ቀጥታ መስመር ላይ የሚወስድባችሁ ነገር የለም።

መኪናውን በጣም ዝቅ ማድረግም አይመከርም። ማኮብኮቢያ ከሩቅ ሲያዩት ጠረጴዛ ይመስላል፤ በኮንክሪቱ ሰሌዳዎች መጋጠሚያ ላይ ግን ፍጥነቱ ሲጨምር መኪናው ይነጥራል፤ ስፕሪንጉ መሥሪያ ቦታ ያስፈልገዋል። የጎማ አላይመንቱን አሠሩ፤ ቀጥ ብሎ የማይሄድ መኪና በዚህ ሥራ አይረባም።

6. ማርሽና ሞተር

በየትኛው ማርሽ እንደምትጨርሱ ቤት ሳላችሁ ወስኑ። የሞተሩን ዙር በደቂቃ በጎማው ዙሪያ (በሜትር) አባዙ፣ በ60 አባዙ፣ ከዚያ ለ1,000፣ ለማርሹ ምጥጥንና ለመጨረሻው (ለዲፈረንሺያሉ) ምጥጥን አካፍሉ። 6,500 ዙር፣ 2 ሜትር ጎማ፣ አራተኛ ማርሽ 1.0፣ የመጨረሻ ምጥጥን 3.9 ከሆነ በሰዓት 200 ኪ.ሜ ይሰጣል። አምስተኛው 0.8 ቢሆን በወረቀት ላይ 250 ይላል፤ ሞተሩ ግን በዚያ ማርሽ ዙሩ ወርዶ ጉልበቱ ስለሚያንስ አየሩን ላያሸንፍ ይችላል። ጉልበታችሁ 200 አካባቢ የሚያበቃ ከሆነ በአራተኛ ቆዩ፣ ቅያሪውን ተዉት። የሚፈለገው ጨረሮቹን ስትቆርጡ ሞተሩ ከፍተኛ ጉልበቱን በሚሰጥበት ዙር አካባቢ መገኘት ነው። የኤሌክትሮኒክ ገደብ ያለበት መኪና መሆኑንም እወቁ፤ ብዙ የጀርመን መኪናዎች 250 ላይ ይታገዳሉ፣ ገደቡ ዝቅ ያለው ደግሞ ብዙ ጊዜ ለተገጠመው ጎማ ተብሎ ነው።

ሞተሩን በተመለከተ አጭር እሆናለሁ። አንድ ማይል ለብዙ የቤት መኪና ከ35 እስከ 40 ሰከንድ ያህል ሙሉ ነዳጅ መርገጥ ነው፤ በመንገድ ላይ ይህን የሚያህል ጊዜ ረግጦ የሚያውቅ የለም። ዘይቱ በመለኪያው ላይ ከላይኛው ምልክት ይድረስ እንጂ አይለፍ። የነዳጅ ማጣሪያው አዲስ፣ ነዳጁም አምራቹ የሚጠይቀው ኦክቴን ይሁን። ካንዴላዎቹን ፈትታችሁ እዩ። የውሃው ሙቀት ከተለመደው በላይ የሚወጣ መኪና እዚህ አይድንም። ተርቦ ላለው መኪና ግፊቱን ለሙከራው ብሎ ከፍ ማድረግ የሚያምራችሁ ይኖራል፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትሄዱ እንደተሠራ ተዉት። ጠዋት ቀዝቃዛው አየር ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሞተሩ በነጻ ትንሽ ጉልበት ያገኛል።

7. የራሳችሁ ዕቃ

ሄልሜት ስትገዙ ሄልሜት የሚፈትነው የአሜሪካ ድርጅት የስኔል ምልክት ያለበትንና ኤስኤ የሚለውን ፈልጉ። ኤስኤ ለመኪና ውድድር የተሠራ ሲሆን እሳት የመቋቋም ፈተና ያልፋል፤ ለሞተር ሳይክል የሚሆነው ኤም ይህን አይፈተንም። ስኔል የሚለው ስም የመጣው እ.ኤ.አ. በ1956 ሄልሜቱ ሳያድነው በጭንቅላት ጉዳት ከሞተ አማተር የውድድር ነጂ ነው፤ ድርጅቱ በስሙ የተመሠረተው በዓመቱ ነበር። ከዚህ ሌላ ረጅም እጅጌና ሱሪ የጥጥ ልብስ፣ እግር የሚሸፍን የቆዳ ጫማ ትንሹ መስፈርት ነው። ናይሎንና ፖሊስተር ቆዳ ላይ ስለሚቀልጡ አትልበሱ። ፍጥነቱ ሲጨምር እሳት የማይበግረው ልብስ፣ ባለ ብዙ ነጥብ ቀበቶ፣ መኪናው ሲገለበጥ ነጂውን የሚጠብቅ የብረት ሮል ኬጅ፣ በመጨረሻም ፓራሹት ይጠየቃል። ዋጋው የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ ዕቃው የማይጠየቅበትን የፍጥነት ክልል ምረጡና እዚያ ውስጥ ተዝናኑ፤ ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል።

የእሳት ማጥፊያው በብረት መያዣ ይታሰር። የላላ የእሳት ማጥፊያ በራሱ አደጋ ነው።

8. የቴክኒክ ምርመራ

መርማሪው የሚያየውን ቀድማችሁ ራሳችሁ እዩ። ባትሪው በእጅ ሲነቀነቅ አይንቀሳቀስም? የሚያንጠባጥብ ዘይት ወይም ውሃ አለ? ማኮብኮቢያ ላይ የፈሰሰ ጠብታ ከኋላችሁ የሚመጣውን ሰው ነው የሚገለብጠው። ነዳጅ ስትለቁ ፔዳሉ ወዲያው ይመለሳል? የወለል ምንጣፉን አውጡት፤ ፔዳል ሥር መግባት ይወዳል። ከመቀመጫ ሥር ያለው ጠርሙስ፣ ከኪስ ውስጥ ያለው ስልክ፣ ከኋላ ያለው ክሪክና ትርፍ ጎማ ሁሉ ይውጣ። መጎተቻ መንጠቆው ይገጠምና ይታይ። የመሪና የጎማ ኩሽኔታ ጨዋታ መኪናው በክሪክ ተነስቶ ጎማው ሲወዘወዝ ይታወቃል። መርማሪው ከመለሳችሁ አትከራከሩ፤ ጉድለቱን ቤት ሆኖ ማስተካከል ይሻላል።

9. የሩጫው ቀን

የነጂዎች ስብሰባ አያምልጣችሁ። መውጫው በየትኛው ጎን እንደሆነ፣ ችግር ሲፈጠር ወዴት እንደሚታጠፍ የሚነገረው እዚያ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ የመጀመሪያዎቹ ሩጫዎች በፍጥነት ጣሪያ ይገደባሉ። ይህን እንደ ቅጣት አትዩት፤ ከጣሪያው በላይ የሄደ ሰው ሊታገድ ይችላል።

1. ሰልፍ ላይ ሳላችሁ ቀበቶውን አጥብቁ፣ መስኮቶቹን ዝጉ፣ መሪው ቀጥ ሲል እጃችሁ የት እንዳለ አስታውሱ።
2. የነፋስ ከረጢቱን እዩ። የጎን ነፋስ ካለ ከየት እንደሚመጣ እወቁ። በማኮብኮቢያው ጎን ሃንጋር (የአውሮፕላን መጠለያ) ወይም የዛፍ ረድፍ ካለ ነፋሱ የሚጋረደው እስከዚያ ነው፤ ከለላው ሲያልቅ መኪናው በድንገት ይገፋል፣ ያኔ መሪውን በቀስታ እንጂ በመንጠቅ አትመልሱ።
3. ለቃቂው ሲፈቅድ በእርጋታ ተነሱ። ጎማው መሬት ሲይዝ ሙሉ ነዳጅ።
4. ዓይናችሁን ከኮፈኑ ፊት ሳይሆን ከማኮብኮቢያው ማዶ ላይ አድርጉ። ቅርብ ያየ ሰው መሪውን ያበዛል።
5. ሁለተኛውን ጨረር እስክትሻገሩ አትልቀቁ፤ ከተሻገራችሁ በኋላ ነዳጁን በዝግታ ልቀቁ። በአንድ ጊዜ መልቀቅ ክብደቱን ወደ ፊት ይጥለዋል፣ የኋላውም ይቀላል።
6. መኪናው ቀጥ ማለቱን ካያችሁ በኋላ ፍሬኑን ጭመቁ። ቀድማችሁ ጀምሩ፣ አንድ ወጥ ሆኖ ይሂድ፤ «ገና ብዙ ቦታ አለ» የሚለው ስሌት በዚህ ፍጥነት ዓይንን ያታልላል።
7. በተነገራችሁ መውጫ ታጥፋችሁ ውጡ፣ በመመለሻው መንገድ ላይ ደግሞ በዝግታ ሂዱ።

ጎማ ቢፈነዳ መሪውን አጥብቃችሁ ያዙ፣ ፍሬን አትምቱ፣ መኪናው ራሱ ፍጥነቱን ይጣል። መኪናው መዞር ከጀመረና መመለስ ካልቻላችሁ ፍሪሲዮንና ፍሬን አብራችሁ ርገጡ፤ ሞተሩን ገላግሉት፣ መኪናው ተንሸራትቶ ይቆማል። ጭስ ካያችሁ ወደ ጎን ውጡ፣ ሞተሩን አጥፉ፣ ነፋሱ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሄዳችሁ ከመኪናው ራቁ።

10. ከሩጫው በኋላ

ቆማችሁ ስታበቁ የእጅ ፍሬን አትሳቡ። የጋለው ሸራ ዲስኩን ተጭኖ ከቆየ ላዩ ላይ አሻራ ጥሎ ዲስኩ ፔዳሉን እንዲያንቀጠቅጥ ያደርገዋል። በማርሽ አቁሙት፣ ጎማው ላይ ድጋፍ አድርጉለት። ተርቦ ያለው ሞተር ለአንድ ሁለት ደቂቃ ሳይጠፋ ይቆይ።

ከዚያ የተሰጣችሁን ወረቀት ያዙና በደብተር ላይ ከጎኑ ጻፉ፦ ፍጥነት፣ የአየሩ ሙቀት፣ የነፋሱ አቅጣጫ፣ የጨረሳችሁበት ማርሽና ዙር፣ የጎማው ንፋስ ከመሮጥ በፊትና በኋላ። የሞቀው ጎማ ንፋስ መጨመሩ ልክ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ተለይቶ ካልጨመረ ግን እየለቀቀ ይሆናል። የጎማውን ፊት በእጃችሁ ዳስሱ። አረፋ መሰል ነገር ወይም የተላጠ ቁራጭ ካገኛችሁ የዚያ ቀን ሥራ አልቋል።

በሚቀጥለው ሩጫ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ሁለት ነገር ለውጦ 4 ኪ.ሜ ያተረፈ ሰው ከየትኛው እንዳገኘው አያውቅም። ፍጥነቱንም በትንንሽ እርከን ጨምሩ፤ አካሉ ሲላወስ፣ መሪው ሲቀል፣ ፔዳሉ ሲረዝም የምታውቁት ከዚያ በፊት ያለውን እርከን ስለቀመሳችሁ ነው። መሪው ቀለለ ማለት የፊቱ እየተነሳ ነው ማለት ነው፤ ይህን ጉልበት በመጨመር አታልፉትም።

ቀኑ ሲያልቅ ወደ ቤት የሚያደርሳችሁ ያው መኪና ነው። የጎማውን ንፋስ ቀዝቅዞ ሳለ ወደ መንገድ ልኩ መልሱት፣ በፊት ክፍተቶች ላይ ያደረጋችሁትን ቴፕ አንሱ፣ የጎማ ብሎኖቹን እንደገና ፈትሹ፣ የፍሬን ፔዳሉንም ከበሩ ሳትወጡ ሁለት ሦስቴ ርገጡት።